የውስጥ መስመር ሁለት መቶ አሥራ አራት

ከአቃቂ ድልድይ አልፎ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ወዲያ፣
የዱቄት ፋብሪካው ቢሮ፤ ሰማንያ ስልክ፣ አንድ ባለሙያ።
ባለሙያው እኔ ነኝ፤ ቦርሳዬ ገመድ የጠገበ፣
በእጄ የሥራ ትእዛዝ፣ ማኅተም የተደረበበ፦
«አሮጌው ይነቀል፣ አዲሱ ይተከል፣
ፕሮግራሙ ይታደስ፣ ትርፍ መስመር ይሰረዝ፣
ሰኞ ጠዋት ሥራ ይጀመር፤ ሰበብ አይመዘዝ።»

ቅዳሜ ገባሁ። ሰው የለም፤ ወንበሩ ጠረጴዛ ላይ ተሰቅሏል፣
ከወፍጮው ያመለጠ ብናኝ የቁልፎቹን ቁጥር ከልሏል።
በብሩሽ ጠረግኩ። ከአምስት ቁጥር ሥር የበሶ ፍርፋሪ፣
ከጸሐፊዋ ስልክ ሆድ ላይ የተለጠፈ ምክር፦
«ጌራወርቅ ከደወለ
‹ስብሰባ ናቸው› በዪ፣ አትፍሪ።»

አሮጌው ስልክ ፊደላችንን አያውቅም፤ ስም ብጽፍበት በግዕዝ
ሳጥን ብቻ ይደረድራል፣ እንደ ቤት ለቃቂ ጓዝ።
ኩምሳም ሳጥን፣ ጽጌረዳም ሳጥን፣ ሽብሬም ሳጥን በሳጥን፤
ማን ጋ ደወልኩ ብትል መልስ የለም፣ አንድ ዓይነት ነን ሁላችን።

አዲሱ ግን ያነባል አሉ፣ ማሻሻያውን ከጨረሰ።
ጫንኩ። ጠበቅኩ። መቶኛው እየተንፏቀቀ አርባ ላይ ደረሰ፣
መብራት ቦግ አለ፣
ድርግም፣
ተመለሰ።
(በእድሳት መሀል ኃይል የተቋረጠበት ስልክ ከጡብ እኩል ነው፤
ይኼን ያየ ሰው ብቻ ነው ለመብራት ስለት የሚሳለው።)

ቀጥሎ ትርፉን ላጸዳ ዝርዝሩን ገለጥኩ።
የሻይ ክበብ፤ ፈርሷል፤ ሰረዝኩ።
የጆንያ ስፌት፤ ተዘግቷል፤ ሰረዝኩ።
ወይዘሮ አስካለማርያም፣ ማዞሪያ፤ ጡረታ ወጥተዋል፤
እጄ ትንሽ ያዝ አደረገኝ፤
ሰረዝኩ።
ሁለት መቶ አሥራ አራት፣ ሰሜን መጋዘን፤ ሰው አልባ፣ አራት ዓመት።
ልሰርዝ ስል የጥሪ መዝገቡ ያዘኝ፣ ቁልቁል አንድ ዓይነት፦
ከበር ጥበቃ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣
ወደ ሁለት መቶ አሥራ አራት፣
ሦስት ጊዜ ጠርቷል፣ ያነሣ የለም።
ትናንትም። ከትናንት ወዲያም። መስከረምም፣ የካቲትም፣
ጾምም፣ ዓመት በዓልም።

ወረድኩ ወደ በሩ። ኦቦ በዳሳ ካፖርታቸውን ደርበው
ትንሿን ራዲዮናቸውን እንደ ጫጩት ጉልበታቸው ላይ አቅፈው።
«አባቴ፣ መጋዘኑ ባዶ ነው። ለማን ነው የሚደውሉት በሌሊት?»
አዩኝ። ስለ መብራት ምንም ለማያውቅ ልጅ እንደሚያስረዱ፣ በትዕግሥት፦
«ከጠራ፣ እዚያ መብራት አለ። ካልጠራ፣ ባትሪዬን ይዤ እሄዳለሁ።
ሌባ ጨለማ ይወዳል፤ እኔ ተቀምጬ እሰማለሁ።»

ይኼው ነው? አልኩ። ይኼው ነው አሉ። ራዲዮዋን ቀነሷት ጥቂት።
«ዱሮ ሌንጂሶ ነበር ያኛው ጫፍ ላይ። ‹አለህ?› እለዋለሁ ሌሊት፣
‹አለሁ› ይለኛል፣ ይዘጋል። ሌላ ወሬ አልነበረንም።
በሦስተኛው ያነሣ ነበር፤ አራት አስጠርቶኝ አያውቅም።»

ከሰማንያው አንዱን በብብቴ ይዤ ሄድኩ ሰሜን መጋዘን፣
ከባዶ ጆንያ ክምር ጎን፣ በአሮጌው ቦታ ሰካሁ ገመዱን።
እድሳቱ አለቀ። የስም ቦታው ባዶ አይቀበልም፣ ይጠይቃል፤
«መጋዘን» ብዬ ጀመርኩ። አጠፋሁት። ጣቴ ሌላ ያውቃል።
ሳጥን አልሆነም። ፊደል በፊደል በራ፦ ሌንጂሶ።
ብናኙም በብርሃኑ ላይ መውረድ ጀመረ፣ መልሶ።

ሰኞ አስተዳደሩ ዝርዝሩን በእስክሪብቶ ጫፍ እየነካ፣
«ይኼ ሌንጂሶ የሚባለው የየትኛው ክፍል ነው ለካ?»
«የሌሊት ተረኛ» አልኩ።
ፈረመ።